ስምንተኛው ወንበር

ሥራዬን የተውኩት ዓይኔ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። እጄ ዛሬም አይንቀጠቀጥም፤ ግን የብየዳውን ጫፍ ከሽቦው ለይቼ ማየት ሲያቅተኝ ካቻቢቴዬን፣ ፒንሳዬንና ቴስተሬን በእንጨት ሳጥን ከትቼ ሆሳዕና ያለችውን ሱቅ አስረከብኩ። አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጥባታል። አልከፋኝም። ዕድሜዋን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ የኖረች ሴት ቀና ብላ ስትሄድ ደስ ይላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ስልኬን አፈላልጎ ደወለልኝ።

«እማማ፣ ድሮ የራዲዮ ቫልቭ ነበረዎት ይባላል። የተረፈ ይኖር ይሆን?»

«ለምንህ ነው?»

«ለኢርፎን አምፕሊፋየር። ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ በቫልቭ ሲሆን ድምፁ ይሞቃል።»

እኛ ተገላገልን ብለን የሸኘነውን ነገር ሰው በፍለጋ ሊገዛው መሆኑ አሳቀኝ። ቀጥሎ ግን «ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት ነበር የምትለዩት?» ሲለኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ይህን ጥያቄ በደርግ ጊዜ አንድ ጊዜ በስህተት መልሼዋለሁ። ስህተቱም ያረፈው በስምንት ዓመት ልጅ ላይ ነበር። ለሰውየው በስልክ የነገርኩት ጥቂቱን ነው፤ ሙሉውን እዚህ ልጻፈው።

ቫልቭ ለማያውቅ፦ ትንሽ ጠርሙስ የመሰለች፣ ውስጧ አየር የሌለባት፣ ስትበራ ሆዷ ውስጥ ቀይ ክር የሚግልባት ነገር ናት። ደንበኞቻችን የራዲዮ አምፖል ይሏት ነበር። ሥራዋ ግን ማብራት አይደለም፤ የደከመ ድምፅ ተቀብላ አበርትታ ማሳለፍ ነው። እንደ ሰው ታረጃለች። አርጅታም ወዲያው አትሞትም፤ ቀስ እያለች ትደክማለች። ክፋቷ እዚህ ላይ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። የጉራጌ ሰው ነበሩ፤ ሆሳዕና ገበያው አጠገብ ራዲዮ ይጠግኑ ነበር። እኔን የቀጠሩኝ ለጥገና አልነበረም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጬ የተዳርኩ ሴት ነበርኩ። ሱቁን እጠርጋለሁ፣ የደንበኛ ስም በወረቀት ጽፌ ራዲዮው ላይ አስራለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን እሳቸው ሀዲይኛ ስለማይችሉ ከገጠር የሚመጣውን ሰው ቋንቋ አስተረጉማለሁ።

«ራዲዮው ምን ሆነ ይላል?»

«ያስላል ነው የሚለው ጋሼ።»

«ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ?»

ገበሬውን ጠይቄ እመልሳለሁ። እንዲህ ስተረጉም የበሽታውን ስምና መድኃኒቱን ሳላውቀው ለመድኩት። አንድ ቀን እሳቸው ለሶላት በሄዱበት ከዳምቦያ የመጣን ራዲዮ ከፍቼ የተቃጠለ ሽቦ ለወጥኩ። ተመልሰው ሲናገር ሰሙት። አልተቆጡም፤ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አዩና «ነገ ግራ ጎኑ ላይ ኪስ አሰፍተሽበት ነይ» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጋሽ ሸምሱ ክፍት ራዲዮ ኤሌክትሪክ ላይ እያለ ሲነኩ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ሁለት እጅ ከገባ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ ልብን አቋርጦ በሌላው ይወጣል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪስ የሌለው ቀሚስ ለብሼ ሥራ ገብቼ አላውቅም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ቫልቭ ከመሞከራቸው በፊት ለብርሃን ያነሷታል። አናቷ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብርማ ቅብ አለ፤ እሱ እንደ ወተት ከነጣ አየር ገብቷልና ትጣላለች። ከዚያ እግሮቿን በእርሳስ ላጲስ እያሹ ያጸዳሉ፤ የኛ አገር እርጥበት እግር ያዝጋል። ቀጥለው እሳቸው በሠሯት የሙከራ ራዲዮ ላይ ይሰኩና እስክትሞቅ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። «የቀዘቀዘች ቫልቭ አትጠየቅም» ይላሉ። ስትሞቅ በእርሳሱ ጫፍ ቀስ ብለው ይመቷታል፤ እንደ ደወል ከጮኸች ድምፅ መጀመሪያ ለሚገባበት ለፊት ቦታ አትሆንም። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ቀኝ እጃቸውን ከሙከራ ራዲዮዋ ጀርባ ላክ ያደርጋሉ። ሙቀቷን የሚዳብሱ ይመስለኝ ነበር።

በአንድ ነገር ግን ይጨቀጭቁኝ ነበር። ጥርጣሬ ሲኖር ቫልቯን ከቦታዋ አንስተሽ ሌላ ቦታ ስኪያት ይላሉ። «ጉድለቱ አብሯት ሄደ ወይስ ቦታው ላይ ቀረ? ይህን ሳትጠይቂ አትፍረጂ።»

ደርግ ከመጣ በኋላ ሱቁ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ሆነ። ደመወዝ በፊርማ፣ ዕቃ በደረሰኝ። ጋሽ ሸምሱ ወገባቸውን ታመው እቤት ዋሉ፤ ጠረጴዛው የኔ ሆነ። በገበያ ቀን ራዲዮ ለመጠገን ሀደሮም ጃጁራም እወርዳለሁ። ሴት ራዲዮ ስትከፍት ለማየት ሰው ይከበኛል፤ ሥራዬን እስኪያዩ ያሾፋሉ፣ ካዩ በኋላ የየቤታቸውን ራዲዮ ያመጣሉ።

በዚያ ጊዜ ነው መምህር ኤርሚያስ የመጣው። የአንጋጫ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ መስማት የሚቸገሩ ልጆችን ማስተማር ተምሮ ተመልሷል። ከተማው ዳር ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ለምኖ ስምንት ልጆች ሰብስቧል። ከውጭ በእርዳታ የመጣ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ድምፅ የሚያጎላ ሳጥንም ደርሶታል። መምህሩ ማይክሮፎን ይዞ ይናገራል፤ ስምንቱ ልጆች ስምንት ኢርፎን አጥልቀው ይሰማሉ። እያንዳንዱ ወንበር ላይ ድምፅ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ጉጥ አለ።

ሳጥኑን ስከፍተው ግማሹ ቫልቭ በመንገድ ተሰባብሯል፤ የቀረውም ነጥቷል። አምስት ያስፈልጉ ነበር። አንዷ ፊት ላይ ሆና የመምህሩን ድምፅ የምትቀበል ናት። አራቱ ከኋላዋ ናቸው፤ እያንዳንዷ ውስጧ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ግማሿ ለአንድ ልጅ፣ ግማሿ ለሌላው ታገለግላለች።

የጋሽ ሸምሱ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ዓይነታቸው የሚገጥም አሥራ አንድ ነበሩ። ከአሥራ አንዱ አምስት መምረጥ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከሁሉ ጸጥ ያለችዋን ለፊት አደረግኋት። ፊት ላይ ያለችው ሿ ካለች፣ ሿታው ስምንቱም ጆሮ ውስጥ ይገባልና።

ይህቺን ጸጥተኛ የማኅበሩ ሊቀመንበር ፈለጋት። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ያፏጭ ነበር፤ እሱ የሚናገርበት ስብሰባ ደግሞ በየሳምንቱ ነው።

«ሴትዮ፣ ያቺን ቫልቭ ለቀበሌ አስረክቢ። ለሰፊው ሕዝብ ድምፅ ማጉያ ናት።»

«እነዚህ ልጆችስ ሕዝብ አይደሉም እንዴ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ስምንት ናቸው።»

«እርስዎ ያለ ድምፅ ማጉያም አራት ቀበሌ ድረስ ይሰማሉ፤ ብቻዎን ይበቃሉ። እነሱ ያለዚህች ምንም አይሰሙም።»

ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሳቁን ዋጠ። ሊቀመንበሩ ጣቱን ቀስሮብኝ «ትጠየቂበታለሽ» ብሎ ወጣ። ለማጉያው ሌላ ቫልቭ መርጬ ላኩለት፤ ፉጨቱም ቀነሰ። አልጠየቀኝም። እኔ ግን በማሸነፌ ልቤ አበጠ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ አምፕሊፋየር ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈለግኩም።

ገጥሜ ጨረስኩ። ስምንቱንም ኢርፎን በየተራ አጠለቅኩ፤ ሁሉም ይናገራል። መምህር ኤርሚያስም ሰማ፤ «ይናገራል» አለ። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ለወንበር ተጋፉ። ጉልበት ያለው ፊት ተቀመጠ፣ ደካማው ወደ ኋላ ተገፋ። ይህን ማየት አልወድም። ቀለም አምጥቼ ወንበሮቹንም ኢርፎኖቹንም ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ ለየልጁ ቦታ ሰጠሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም! መምህር፣ እርስዎም አያነቃንቋቸው።»

ፍርዴ ትክክል ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ስምንተኛው ወንበር ለምሕረት ደረሰ።

ምሕረት የስምንት ዓመት የጃጁራ ልጅ ናት። አራት ዓመት ሲሞላት ትኩሳት ይዟት ከዳነች በኋላ ጆሮዋ ደነቆረ። አባቷ አቶ ሄራሞ ገበሬ ነው፤ ሆሳዕና እህቱ ቤት አስቀምጧት በየቅዳሜው እየመጣ ያያታል። ሰባቱ ልጆች ወር ሳይሞላቸው ስማቸው ሲጠራ እጅ ማውጣት ጀመሩ። ምሕረት ግን ጉጡን እስከ መጨረሻው አዙራ የመምህሩን ፊት እያየች ትቀመጣለች። ፊቱን አዙሮ ሲጠራት ግን እንደሌለች ናት።

መምህር ኤርሚያስ መጥቶ ነገረኝ። «ስምንተኛው ይሠራል?» አለኝ።

ሄጄ አጠለቅኩት። ድምፁ ቀጠን ይላል፤ ግን ይናገራል። «ይሠራል» አልኩት። «ጆሮዋ ነው።»

ይህን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላለውም።

ተራ የሚጠብቁ ልጆች ስለነበሩ ምሕረት ወደ ጃጁራ ተመለሰች። አባቷ ሊወስዳት ሲመጣ ሱቁ በር ላይ አለፈ። እጇን ይዞ ሄደ። እሷ ዞር ዞር እያለች ታይ ነበር።

በቦታዋ የገባው ልጅ ከኋላው ጮክ ብለው ሲጠሩት የሚዞር ነበር። ሁለት ሳምንት ሆነው። አንድ ከሰዓት መምህር ኤርሚያስ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሻሻል።

«እትዬ፣ ይሄም አይሰማም።»

«የትኛው?»

«ስምንተኛ ላይ ያለው።»

የያዝኩትን ጣልኩና አብሬው ሄድኩ። የጋሽ ሸምሱ ጥያቄ በመንገዱ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር፤ ጉድለቱ አብሮ ሄደ ወይስ ቦታው ላይ ቀረ? ልጅ ተለወጠ፣ ጉድለቱ ቦታው ላይ ቀረ። አምፕሊፋየሩን አጥፍቼ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። የሰባትና የስምንትን ቫልቭ ነቅዬ ከአንድና ከሁለት ቫልቭ ጋር አቀያየርኳቸው። አብርቼ አሞቅኩ። ስምንተኛው ላይ ያለው ልጅ መምህሩ ስሙን ሲጠራ ከወንበሩ ዘለለ። ሁለተኛው ላይ ያለችው፣ በየቀኑ የምትሰማው ልጅ ደግሞ ኢርፎኗን እየነካካች ወደኔ አየች።

ቴስተሩን አምጥቼ ለካሁ። የቫልቯ ግማሽ ጤነኛ ነው። ሌላው ግማሽ ሊያልቅ የተቃረበ ሻማ ነው። የኔ ጤነኛ ጆሮ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ ተርፎ ነበር፤ እነሱ ጆሮ ጋ ግን አይደርስም። ባልደነቆረ ጆሮ በደነቆረ ጆሮ ላይ ፈርጄ ነበር።

ቫልቯን በመሐረብ ጠቅልዬ ጋሽ ሸምሱ ቤት ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተደግፈው ሰሙኝ።

«ሞክሬያት ነበር ጋሼ። በርስዎ ራዲዮ ነው የሞከርኳት፤ ደህና ነበረች።»

«ማብሪያዋን ገለበጥሽ?»

«የቷን ማብሪያ?»

ቀኝ እጃቸውን በአየር ላይ ላክ አደረጉ፤ ልክ ከራዲዮዋ ጀርባ እንደሚልኩት። «ከኋላ ትንሽ ማብሪያ አለች። ወደ ታች ስትሆን አንደኛውን ግማሽ ትሞክራለች፤ ወደ ላይ ስትሆን ሌላውን።»

«አንድም ቀን አልነገሩኝም!»

«በየቀኑ አጠገቤ ስትቆሚ ያየሽ መስሎኝ።»

«እኔ ሙቀቷን የሚዳብሱ መስሎኝ!»

ሁለታችንም ልናለቅስ ነበር ማለት እችላለሁ፤ እሳቸው ግን ሳቅ ብለው አበላሹት። «ስንት ዓመት ሙሉ ጀርባዋን አላየሽም? ጠራጊ አልነበርሽም እንዴ?» አሉኝ። ወዲያው ፊታቸው ኮስተር አለ። «ልጅቷስ የት ናት?»

«ጃጁራ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

በማግስቱ የጃጁራ ገበያ ነበር። አቶ ሄራሞን ከገበያው ዳር አገኘሁት። በሀዲይኛ ነው የተነጋገርነው። ያደረግኩትን ሁሉ፣ ቫልቯንም፣ «ጆሮዋ ነው» ያልኩትንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ይህቺ ልጅ ሁለት ጊዜ ደንቆሮ ተብላለች። አንዴ ከትኩሳቱ በኋላ፣ አንዴ በናንተ። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ነው የጎዳት። ከዚያ ወዲህ ፊታችንን ማየት ትታለች፤ በእጅ ስንጠራት እንኳ አትመጣም። ሦስተኛ ጊዜ እንድትባል ልውሰዳት?»

ስህተት ሠርቶ ምክንያት የሚደረድር ሰው ስለማልወድ ምክንያት አልደረደርኩም።

«አቶ ሄራሞ፣ የደነቆረው የኔ ዕቃ ነበር። ራስዎ ይምጡ። መጀመሪያ እርስዎ ያጥልቁት፣ ሰባቱንም ከስምንተኛው ጋር ያስተያዩ። እኩል ካልሆነ አያስቀምጧት። እኩል ሆኖ ካልሰማች ደግሞ በጀርባዬ አዝዬ ጃጁራ እመልሳታለሁ፤ በመንገድ ላይ ሰው ይሳቅብኝ።»

አየኝ። «ከባድ ናት» አለ።

ሰኞ ጠዋት መጡ። እኔ እስከዚያ ሁሉንም ቫልቮች እንደገና ፈትሻለሁ፤ ማብሪያዋን ወደ ታችም ወደ ላይም ገልብጬ። ለስምንተኛው የሚሆን ግማሽ ፍለጋ ከማኅበሩ ራዲዮ አንዱን አፍርሻለሁ፤ ያን ደግሞ ለሊቀመንበሩ ራሴ ሄጄ ነግሬዋለሁ። አቶ ሄራሞ ስምንቱንም ኢርፎን አንድ በአንድ አጠለቀ። ጊዜ ወሰደበት። መጨረሻ ላይ «እኩል ነው» አለ።

ስምንተኛው ላይ የነበረው ልጅ ለጊዜው ተነሣላት፤ ምሕረት ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እንደ ድሮው ጉጡን እስከ መጨረሻው አዞረች። መምህር ኤርሚያስ ማይክሮፎኑን ለአባቷ ሰጠው። እሱ ደግሞ ልጁን መጥራት የሚያውቀው በጩኸት ነው፤ ከእርሻ ማዶ እንዳለች አድርጎ ስሟን ጠራ።

ልጅቷ ጮኸች። ኢርፎኑን ከራሷ መንጭቃ ወረወረች፤ ሁለት ጆሮዋን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ክፍሉ ሁሉ ደነገጠ።

«ምን አደረጋችኋት?» አለ አባቷ።

«አመማት!» አለ መምህር ኤርሚያስ፤ እየሳቀ፣ እጁን እያጨበጨበ። «አቶ ሄራሞ፣ ድምፁ ጮኸባት! ሰማች እኮ!»

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ለቀናት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲነሳ ተሰማኝ። ሥራዬን ስተውም እንዲያ አላረፍኩም።

ምሕረት እንባዋን ጠርጋ ኢርፎኑን አየችው። ማንም አልነካትም፤ መምህሩ በእጁ ከልክሎናል። ራሷ አነሳችው። አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ አስጠግታ ጉጡን ወደ ኋላ ቀነሰች፤ ትንሽ፣ ቀጥሎ ትንሽ። ከዚያ በሁለቱም ጆሮዋ አጠለቀችና አባቷን አየችው። ፊቱን ነው ያየችው።

አቶ ሄራሞ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ወደኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አሁን ምን ልበላት?» አለኝ።

ለአራት ዓመት ከስሟ በቀር ቃል አላወጣላትም ነበር።

«የቤቱን ወሬ ይንገሯት።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ላሚቱ ወለደች አላት። ጥጃው ሴት ናት፣ ግንባሯ ነጭ ነው። እናትሽ ሰላም ናት። አጥሩ ወድቆ ነበር፣ አነሳሁት። ከቃሉ ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም፤ «ጥጃ» ሲል ግን ከንፈሯ አብሮት ተንቀሳቀሰ። መምህር ኤርሚያስ ትምህርት ለመጀመር ሰዓቱን አየና ወደኔ ዞረ።

«ይተዉዋቸው» አልኩት። «ዕቃው አይደክምም።»

ሰባቱም ልጆች ኢርፎናቸውን አጥልቀው ስለ ጥጃዋ ይሰሙ ነበር።